ቀጥ ብለህ ሂድ፣ ከዚያ ጠይቅ

የጭነት መኪናው ከጧቱ ሁለት ሰዓት ላይ ይደርሳል ተብሎ ነበር። አምስት ሰዓት ሆነ። ኢንሳፍ በአራተኛ ፎቅ በረንዳዋ ላይ፣ መጻሕፍት በሞሉት ካርቶን ላይ ተቀምጣ ቁልቁል መንገዱን ስታይ፣ ሾፌሩ የካይሮን ሕዝብ አንድ በአንድ እየዞረ የሚሰናበትላት ይመስላት ጀመር።

የቤቱ ዕቃ ሁሉ ታስሯል። ምንጣፉ ተጠቅልሎ ግድግዳ ተደግፏል። ድስቶቹ ጋዜጣ ለብሰው ካርቶን ገብተዋል። ከክምሩ ሁሉ በላይ የባሏ የወግዲ ወንበር ተገልብጦ በሲባጎ ታስሯል፤ አንድ እግሩ አጠር ያለ፣ ሲቀመጡበት የሚንቋቋ የበረንዳ ወንበር ነው። ወግዲ ከሞተ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ከዚያ ወዲህ በዚያ ወንበር ላይ ማንም አልተቀመጠም፤ ኢንሳፍም ስለ ወንበሩ ከማንም ጋር አልተነጋገረችም።

የምትሄደው በረሃው ላይ ወደተሠራው አዲስ ከተማ ነው። ልጇ ናህላ እዚያ ከባሏ ጋር ትኖራለች፤ ለእናቷም መስኮቱ ወደ አትክልት የሚያይ ክፍል አሰናድታለች። የከተማው በር ጠባቂዎች ዕቃ የጫነ መኪና ከአሥር ሰዓት በኋላ አያስገቡም። ማምሻውን ደግሞ የሕንጻው ባለቤት ቁልፉን ሊረከብ ይመጣል። ኢንሳፍ በዚህ ቤት ሠላሳ አራት ዓመት ኖራለች። ቁልፉን ካስረከበች በኋላ በዚህ በር የምትገባው፣ አዲሱ ተከራይ ደግ ሰው ከሆነና ሻይ ከጋበዛት ብቻ ነው።

ነገሩን በስሜት አልወሰነችውም። «እማዬ፣ አንቺ አስተማሪ አይደለሽ?» ብላት ነበር ናህላ። «የካይሮን ጥሩና መጥፎ በሁለት ረድፍ ጽፈሽ እዪው።» ሃያ ዘጠኝ ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማረች ሴት ለሁለት ረድፍ አትሰንፍም። ደብተር ገዛች፣ መሐሉን በማስመሪያ ለሁለት ከፈለች። በሦስት ሳምንት ውስጥ የመጥፎው ረድፍ ሁለት ገጽ ሞላ። በጥሩው ረድፍ «ዳቦ ቤቱ ቅርብ ነው» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነበር። ዳቦ ቤቱም ባለፈው ሳምንት ተዘጋ።

ስልኩ ጮኸ።

«እማማ፣ ፈርጋሊ ነኝ፣ ሾፌሩ። ሹብራ ሰፈር ገብቻለሁ። አሁን ወዴት ልበል?»

«ምን ይታይሃል?»

«ፋርማሲ።»

«ፋርማሲውን በቀኝህ አድርገህ ሦስት መንገድ ቁጠር። አራተኛው የፋኖስ ሠሪዎች መንገድ ነው። ቁጥር አሥራ አራት። ማንንም አትጠይቅ።»

«ገብቶኛል። ግን እዚህ አንድ ሰውዬ አለ፣ እሱ ደግሞ…»

«ማንንም አትጠይቅ አልኩህ።»

«እኔ አልጠየቅኩትም፤ እሱ ነው የጠየቀኝ። ላገናኝዎት።»

የማታውቀው ወፍራም ድምፅ መጣ። «እህቴ፣ እንደምን አደርሽ? ልጁን አታንከራትቺው። የፋኖስ ሠሪዎች መንገድ በዚህ አይደለም፣ ከድልድዩ ወዲያ ነው። ደግሞ አሥራ አራት ቁጥር ፈርሷል።»

«አልፈረሰም።»

«ፈርሷል። ያኔ እዚያው ነበርኩ።»

«ወንድሜ፣ ቤቱ ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው የማናግርህ።»

ሰውየው ጥቂት አሰበ። «አላህ ያቆይልሽ» አለ በርኅራኄ። «ግን ፈርሷል።» ከዚያም ለሾፌሩ በስተግራ እንዲታጠፍ ሲያዘው ተሰማ፤ ስልኩም ተቋረጠ።

በዚህ ከተማ መንገድ የጠየቀን ሰው «አላውቅም» ብሎ መመለስ ለተጠማ ውሃ እንደ መከልከል ይቆጠራል። ስለዚህ ሁሉም ያመለክታል። የሚያውቀውም ያመለክታል፣ የማያውቀውም ያመለክታል፤ የማያውቀው እንዲያውም እጁን ዘርጋ አድርጎ ነው። ከጠንጣ ለትምህርት መጥታ የቀረችው ኢንሳፍ ብቻ ይህን ልማድ አልለመደችም። ካላወቀች «አላውቅም» ትላለች። ከፊት ለፊቷ ያለው ልብስ ተኳሹ ሸንዊ ስለ እሷ ሲጠየቅ፣ «አብላ ኢንሳፍ ጥሩ ሴት ናቸው፣ ከተፈጥሯቸው ግን ልበ ደረቅ ናቸው» ይል ነበር። የሰፈሩን ግማሽ ስላስተማረች ሁሉም አብላ፣ መምህርት፣ ነው የሚሏት።

ወግዲ ግን የዚህ ሙያ አለቃ ነበር። የሚሠራው ፖስታ ቤት ነበር፤ ደግነቱ ቴምብር ሻጭ ነበር እንጂ ደብዳቤ አዳይ አልነበረም። ከሥራ ሲመለስ በረንዳው ላይ፣ በዚያ በሚንቋቋው ወንበር ተቀምጦ፣ ከታች መንገድ የጠፋውን ሁሉ ይመራ ነበር። ክንዱን በባቡር ሐዲድ ላይ እንደሚወርድ ምልክት ዘርግቶ፣ «ቀጥ ብለህ ሂድ፣ በሁለተኛው ወደ ግራ፣ ከዚያ ጠይቅ» ይላል። ለሁሉም ይህንኑ ነው የሚለው። አንድ ጊዜ የሠርግ ጡሩምባ ነፊዎችን እየነፉ ለቅሶ ድንኳን አስገብቷቸዋል።

«ቢያንስ ‹አላውቅም› ብትል ምን ነበረበት?» ስትለው፣

«ሟቹ ሰማንያ ዘጠኝ ዓመታቸው ነበር» ብሎ መለሰላት። «ቤተሰቡም አልተቀየመም።»

ሾፌሩ መንገድ ላይ እያለ ጎረቤቷ ንዕማት ሻይ በትሪ ይዛ ገባች። ሰላም ከማለቷ በፊት ደብተሩን አየችው። ንዕማት የሰው ደብዳቤ አታነብም፤ ተገልጦ የተቀመጠ ወረቀት ግን በእሷ ሕግ ደብዳቤ አይደለም።

«አንደኛ፣ ጫጫታ» ብላ ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። «ይሁን። ሁለተኛ፣ ሊፍት። ሊፍቱ ደግሞ ምን አደረገሽ?»

«አይሠራም፣ ንዕማት። ዘጠኝ ዓመቱ።»

«ልጄን ማን ዳረልኝ?»

ኢንሳፍ ከትሪው ሻይዋን አነሣች። ታሪኩን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ሊፍቱ ለመጨረሻ ጊዜ የሠራ ዕለት በንዕማት ልጅና በሦስተኛ ፎቁ የጥርስ ሐኪም ላይ፣ መሐል ላይ ቆሞ አርባ ደቂቃ ዘግቶባቸው ነበር።

«ስትወጣ ጥርሷም ልቧም ተመርምሮ ነበር» አለች ንዕማት። «ሊፍቱ ሥራውን ጨርሶ ጡረታ ወጣ፣ በቃ። ይሄ ወደ ጥሩው ይሻገራል።» እርሳሱን አንስታ ከግራ ወደ ቀኝ ቀስት አሰመረች። «ሦስተኛ…» አለችና ድምፅዋ ቀዘቀዘ። «‹ጎረቤት ሰው ድስት ውስጥ ይገባል።› ይሄ እኔ ነኝ?»

«በጠቅላላው ነው።»

«ባለፈው ማክሰኞ የሙሉኽያ ወጥሽ ነጭ ሽንኩርት አንሶታል ስላልኩሽ ነው?»

«ገና እኔ ሳልቀምሰው ነው ያልሽኝ። ከራስሽ ወጥ ቤት ሆነሽ።»

«አላነሰውም ነበር?»

ኢንሳፍ ሻይዋን ቀመሰች። አንሶት ነበር።

በዚህ መሐል ዘበኛው ጋሽ ሐሰኔን አራቱን ፎቅ በእግሩ ወጥቶ፣ ትንፋሹን ለመሰብሰብ በሩን ይዞ ቆመ። መኪናው ሲመጣ ዕቃ ለማውረድ ነበር የመጣው። አሁን ግን ሻይ ተቀዳለት፣ ምንጣፉ ላይም ተቀመጠ።

«ጋሽ ሐሰኔን ይፍረድ» አለች ንዕማት። «ሰው ከካይሮ ይወጣል?»

ሐሰኔን ስኳሩን አማሰለ፤ ሲያማስል የሚቆየው ነገሩ ከባድ ሲሆን ነው። «እውነቱን ልናገር?» አለ። «አብላ ቢሄዱ ይሻላቸዋል። ይህ ከተማ ሰው አያሳርፍም። አቧራው፣ ጡሩምባው። ሰው እንቅልፍ ወሰደኝ ሲል ሽንኩርት ሻጩ በማጉያ ይመጣበታል። እኔ ራሴ ከአስዋን የመጣሁት ለአንድ ወር ብዬ ነው።»

«መቼ?» አለች ንዕማት።

«አርባ ሁለት ዓመት ሆነው።»

«ታዲያ ለምን አልተመለስክም?»

«ባቡር ጣቢያው በየት ነው ብዬ ጠይቄ ነበር» አለ ሐሰኔን።

ንዕማት ሳቋን መልሳ ለመዋጥ ሞክራ ሻይዋ ትን አላት። ሐሰኔን ግን ቀልድ ያወራ ሰው አይመስልም ነበር። ደብተሩን ጠቆመና፣ «ሌላስ ምን አለ?» አለ።

«አራተኛ፣ መኪና በመኪና ላይ ይቆማል» ብላ አነበበች ንዕማት።

«እውነት ነው። አልክድም።» በዚህ መንገድ ቦታ ስለሌለ መኪናውን በሁለት በሦስት ረድፍ የሚያቆም ሰው የእጅ ፍሬኑን ይለቃል፤ መውጣት የፈለገ የሌላውን እየገፋ ይወጣል። ሐሰኔን በየቀኑ የሚሠራው ግማሹ ሥራ መኪና መግፋት ነው። «መጥፎ ነው። ግን ያን ዕለት፣ ለጋሽ ወግዲ አምቡላንስ ሲመጣ፣ አሥራ አንድ መኪና በእጃችን ገፍተን ነው መንገዱን የከፈትነው። ሸንዊ ካውያውን የሰፈራችን ዳኛ ሸሚዝ ላይ ትቶ ነው የሮጠው። ሸሚዙ እንዲህ በጀርባው ላይ…»

«ሻይዎ ይቀዘቅዛል፣ ጋሽ ሐሰኔን» አለች ኢንሳፍ።

ሐሰኔን ሻይውን ጠጣ። ንዕማትም እርሳሱን ደብተሩ መሐል አኖረችው፤ አራተኛው ወደ ጥሩው ረድፍ ሳይሻገር ቀረ።

«እዚያስ?» አለች ንዕማት ቆየት ብላ። «አዲሱ ከተማ እንዴት ነው? አይተሽው የለም?»

«ጥሩ ነው» አለች ኢንሳፍ። «ንጹሕ ነው። ዛፎቹ በተርታ ነው የተተከሉት። ሌሊት ውሻ እንኳን አይጮኽም።»

«ውሻ የላቸውም?»

«አላቸው። አይጮኹም።»

ሐሰኔንና ንዕማት ተያዩ።

ሌላውን አልነገረቻቸውም። ሦስት ቀን ነበር እዚያ የቆየችው። በየመታጠፊያው ቀስት የተሣለበት ሰሌዳ አለ፤ ማንም ሰው አይጠፋም፣ ስለዚህ ማንም ማንንም አይጠይቅም። በሁለተኛው ቀን ኢንሳፍ አንድ ማዕዘን ላይ መንገድ እንደጠፋባት ሰው ሆን ብላ ግራ ቀኝ እያየች ቆመች። ከአሥር ደቂቃ በኋላ አንድ ጠባቂ መጣ። አፉን ሳይከፍት ሰሌዳውን በጣቱ አሳያትና ተመለሰ። ያኔ ምን ትዝ እንዳላት ለናህላም አልተናገረችም። ቤት ስትገባ፣ «ሰሌዳዎቹ በጣም ግልጽ ናቸው» ብቻ ነበር ያለችው።

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ስልኩ እንደገና ጮኸ።

«እማማ፣ ፈርጋሊ ነኝ። የሰው ስልክ ነው፣ የእኔ ባትሪው ሞቷል። ያ ሰውዬ ድልድዩን አሻገረኝ። እዚያ አንድ ትራፊክ ወደ ኋላ መለሰኝ። ከዚያ አንዲት ሴትዮ ወደዚያው ነኝ ብላ አብራኝ ተሳፈረች፤ ቤቷ ስንደርስ ወረደች። አሁን ዓሣ ገበያ ነኝ።»

«የቱ ዓሣ ገበያ?»

«አሮጌው። የእርስዎ ቤት ከዓሣ ገበያው ጀርባ ነው ተብያለሁ።»

ኢንሳፍ ዓይኗን በሲባጎ ወደታሰረው ወንበር አዞረች። ንዕማት ፊቷን አየችና ጽዋዋን አስቀመጠች።

የሃያ ዓመት ልጅ ሳለች፣ ካይሮ በገባች በሳምንቱ፣ የፈተና አዳራሹን አንድ የፖስታ ቤት ሸሚዝ የለበሰ ወጣት ጠይቃ ነበር። ወጣቱ እጁን ዘርግቶ አሳያት። እንዳላት ቀጥ ብላ ሄደች፣ በሁለተኛው ወደ ግራ ታጠፈች፣ ከዚያ ጠየቀች፤ ራሷንም በአሮጌው ዓሣ ገበያ መሐል፣ ማስመሪያዋን በእጇ ይዛ፣ በረዶ ውስጥ ከተደረደሩ ዓሦች ጋር ተፋጥጣ አገኘችው። ልታለቅስ ስትል ያው ወጣት ከኋላዋ እየሮጠ፣ እያለከለከ ደረሰ። «ይቅርታ» አላት፣ «አላውቀውም ነበር። ግን ፊትሽ ላይ ‹አላውቅም› ማለት አስጠላኝ።» ፈተናው ግማሹ አልፎ ደረሱ። በዚያ ዓመት ፈተናውን ወደቀች። በሚቀጥለው ዓመት አገባችው።

በደብተሩ ላይ ይህ በየትኛው ረድፍ እንደሚገባ አታውቅም። ስለዚህም አልጻፈችውም።

«እማማ፣ አሉ?»

«አለሁ» አለች። «ከዓሣ ገበያው በሰሜን በኩል ውጣ። ፀሐይዋን በጀርባህ አድርግ። የትራሙን አሮጌ ሐዲድ ይዘህ ና፣ እስከ ፋርማሲው ድረስ ሌላ መንገድ የለም።» ትክክለኛ መንገድ ነበር፤ ከዚህ በፊትም ለማንም የተሳሳተ መንገድ ነግራ አታውቅም።

ስልኩን ዘግታ ናህላ ጋ ደወለች። ናህላ ጥርሷን ነክሳ ሰማቻት። «እማዬ፣ ይሄው ነው እኮ የምልሽ። አንድ መኪና አንድ ሰፈር ለማግኘት ቀን ሙሉ በሚፈጅበት ከተማ ምን ትሠሪያለሽ? እዚህ ቢሆን…»

«እዚያ ቢሆን ሰሌዳውን አይቶ ይመጣ ነበር» አለች ኢንሳፍ።

«ታዲያ!»

«አዎ፣ ልጄ። ታዲያ።»

ስምንት ሰዓት ሊሆን ሲል አንድ ሰማያዊ የጭነት መኪና በፋኖስ ሠሪዎች መንገድ አፍ ብቅ አለ። ያለ ሰው ምክር ስለመጣ በሃያ ደቂቃ ደርሷል። ኢንሳፍ ከበረንዳው አየችው። ቁልፉ በመዳፏ ውስጥ ነበር፤ ከጧት ጀምሮ ስለያዘችው ሞቋል። አሁን ከተጫነ እስከ አሥር ሰዓት ይደርሳል።

መኪናው ከሸንዊ ሱቅ ፊት ቆመ። የአሥራ አራት ቁጥር ሰሌዳ ከሕንጻው ከወደቀ ዓመታት አልፈውታል፤ ሐሰኔን የመቀመጫውን እግር ማስተካከያ አድርጎታል። ፈርጋሊ አንገቱን በመስኮት አወጣ። ላብ ያጠመቀው፣ ረጅም ሰው ነበር።

«ወንድሜ፣ አሥራ አራት ቁጥር የቱ ነው? የጂኦግራፊ አስተማሪዋ ቤት?»

ሸንዊ ካውያውን እንዳነሣ ቀረ። ቀና ብሎ አራተኛ ፎቁን አየ፤ ኢንሳፍን አየ። ቀስ ብሎ አይኑን መለሰ።

«አላውቅም» አለ።

ፈርጋሊ የሰማውን ማመን አቃተው። «ምን?»

«አላውቅም።»

እንዲህ ያለ ቃል በዚያ መንገድ ላይ ከሸንዊ አፍ ሲወጣ የመጀመሪያው ነበር፤ ሲወጣም ጉሮሮውን የቧጨረው ይመስል ነበር። ሽንኩርት ሻጩ ማጉያውን ዝቅ አደረገ። ፈርጋሊ ወደሱ ዞረ። ሽንኩርት ሻጩም ትከሻውን ሰበቀ። ከእነሱ ወዲያ ዳኛው ነበር፣ ጋዜጣ ይዞ። እሱም በግልጽ፣ ፍርድ እንደሚያነብ ሰው፣ «አላውቅም» አለ።

«ከጧት ጀምሮ የማያውቅ ሰው አላጋጠመኝም!» አለ ፈርጋሊ፣ ድምፁ ሊሰበር ደርሶ። «ድልድዩ ላይ ሁሉም ያውቃል፣ ዓሣ ገበያ ሁሉም ያውቃል። እዚህ ስደርስ ነው የጠፋባችሁ?»

በረንዳው ላይ ንዕማት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆማለች። ሐሰኔን ከምንጣፉ ተነሥቷል። «ልውረድና ልጥራው፣ አብላ?» አለ ዝግ ብሎ። ይሂዱም አላለ፣ ይቅሩም አላለ። እነዚህ ሰዎች በሕይወታቸው ሙሉ ያላደረጉትን አድርገው ነገሩን ለእሷ ትተውላታል።

ፈርጋሊ አንጋጦ አያት። «እማማ! ከላይ ያሉት! አሥራ አራት ቁጥር የት ነው? የአስተማሪዋ!»

ኢንሳፍ ከካርቶኑ ላይ ተነሣች። ቁልፉን ወደ ቀሚሷ ኪስ ጨመረች። ከዚያ ክንዷ ራሱ ተነሣ፤ እስከ ጫፉ ተዘረጋ፣ እንደ ባቡር ምልክት።

«ቀጥ ብለህ ሂድ» አለች። «በሁለተኛው ወደ ግራ። ከዚያ ጠይቅ።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለ ፈርጋሊ። ሊነሣ ሲል ቆም አለ። «ድምፅዎ የሆነች ሴትዮ ድምፅ ይመስላል።»

«በዚህ ከተማ ሁሉም የሆነ ሰው ይመስላል፣ ልጄ።»

መኪናው እየተንገጫገጨ ሄደ። ሸንዊ ካውያውን ሸሚዙ ላይ መለሰ፣ ሽንኩርት ሻጩም ማጉያውን ከፈተ። 

«በሁለተኛው ግራ ምን አለ?» አለ ሐሰኔን።

«መንገዱ በመስጊዱ ጀርባ ዞሮ እዚሁ ይመልሰዋል» አለች ኢንሳፍ። ጂኦግራፊ አስተማሪ ነበረች፤ ስትሳሳትም በካርታ ነው። «ሩብ ሰዓት ይፈጅበታል። ሰውየው ከጧት ጀምሮ አልበላም። ሲመለስ ቤቱን አሳዩትና ይምጣ፣ ይቅርታ ጠይቄ የቀን ሥራውን እከፍለዋለሁ። ንዕማት፣ ድስት አውሺኝ፣ የእኔ ሁሉ ታስሯል።»

«ነጭ ሽንኩርትስ?»

«እሱንም።»

ንዕማት ወደ ቤቷ ስትሮጥ ጫማዋ በደረጃው ላይ ተንኳኳ። ሐሰኔን ደግሞ ለሕንጻው ባለቤት ምን እንደሚባል ሊያስብ ወደ መቀመጫው ወረደ። ኢንሳፍ ስልኩን አየችው። እንደማትሄድ ለናህላ መናገር ይቀራታል፤ ናህላ ትቆጣለች፣ ቀጥሎ ታለቅሳለች፣ ቀጥሎ ዓርብ ዓርብ መምጣት ትጀምራለች። ይህን ሁሉ በልቧ አስተካክላ ካየችው በኋላ፣ ከመደወሏ በፊት ቢላዋ ፈልጋ የወንበሩን ሲባጎ ቆረጠች።

ወንበሩን በረንዳው ላይ፣ በቦታው አስቀመጠችው። አጭሩ እግር እንደ ወትሮው ተንጠለጠለ። ደብተሩን ለሁለት አጥፋ ከሥሩ ሰካችው፤ ውፍረቱ ልክ ነበር። ተቀመጠችበትና፣ ሰማያዊው መኪና በሌላኛው ጫፍ ብቅ እስኪል፣ ወደ ታች ታይ ጀመር።